አዲሱን ፋይል ሰው እንዲያገኘው፦ የሶፍትዌር ክምችት አደረጃጀት

ጎንደር ውስጥ ሶፍትዌር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰው ነው። «ኤፒ ኢንፎ ማን ጋር አለ?» ይላል። «አዲሱን ሊብሬኦፊስ በፍላሽ ገልብጥልኝ» ይላል። የማራኪ ተማሪም፣ አዘዞ ያለ የሒሳብ ሠራተኛም፣ ለሥራ ጉዳይ ከቆላ ድባ የመጣ ሰውም እንዲሁ ነው። አንዱ አንድ ጊዜ ያወርድና ለብዙ ሰው ያዳርሳል። ዴታ ውድ ስለሆነ ልማዱ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። ነገሩ የሚከብደው ያ አንድ ሰው ፋይሎቹን ሁሉም የሚገባበት ቦታ ላይ፣ ድረ ገጽ ወይም ቴሌግራም ቻናል ላይ፣ ማስቀመጥ ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ጥቂት ፋይል ስለሆነ ሁሉም ይታያል። ሁለትና ሦስት መቶ ሲደርስ ግን ትናንት የገባው ፋይል የት እንዳለ ማንም አያውቅም። ሰዎችም ተመልሰው ወደ መጠየቅ ይሄዳሉ፦ «ምን አዲስ ነገር ገባ?»

ይህን የምጽፈው ለዚያ የክምችቱ ጠባቂ ነው። እኛም ጥቂት ሰዎች ሆነን እንዲህ ያለ ክምችት እንይዛለን፣ ስለዚህ የምናገረው ከምንሠራው ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ፋይል አንድ ጊዜ ከተቀመጠበት ቦታ አይነሳም። አዲስ መሆኑን የሚናገረው ቦታው ሳይሆን ለብቻው የተያዘ ዝርዝር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህ እንዲሆን የሚሠራ ሥራ ነው።

1. የሚገባውንና የማይገባውን ለዩ

ይህ አጭር ነው። ማንም እንዲያሰራጨው የተፈቀደ ሶፍትዌር ብቻ አስገቡ። ሊብሬኦፊስ፣ ቪኤልሲ፣ ሰቨን ዚፕ፣ ፋየርፎክስ፣ ጊምፕ፣ ዞቴሮ፣ ኡቡንቱ ሁሉም በነፃ የሚታደሉ ናቸው። ለጤና ተማሪዎች ኤፒ ኢንፎና አር የሚባሉት የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች አሉ። ለአማርኛ መጻፊያ ኪይማን አለ። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ነገር አታስገቡ። ቫይረስ ይዞ የሚመጣው በብዛት እሱ ነው፣ ደግሞም የሰው ሥራ ነው። ፋይሉን ከሠሪው ድረ ገጽ ራሳችሁ አውርዱት። ከሌላ ሰው ፍላሽ ላይ የተገለበጠ ፋይል ክምችታችሁ ውስጥ ቦታ የለውም።

2. ፎልደሩን በሥራ ዓይነት ክፈሉት

ተጠቃሚው የሶፍትዌሩን ስም ላያውቅ ይችላል። የሚሠራውን ሥራ ግን ያውቃል። ስለዚህ ፎልደሮቹን በሥራ ስም ጥሯቸው፦ ቢሮና ጽሑፍ፣ ምርምርና ስታቲስቲክስ፣ አማርኛ መጻፊያና ፎንት፣ ድምፅና ቪዲዮ፣ የስልክ አፕ፣ ጥገናና ድራይቨር፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም። በየፎልደሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሶፍትዌር አንድ ፎልደር ይኑር። በቃ፣ ከዚያ በላይ አትውረዱ። አራትና አምስት ፎልደር ከፍቶ የሚገባ ሰው መሀል ላይ ይሰለቻል፣ በስልክ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ሁለት ፎልደሮች ግን ፈጽሞ አትክፈቱ። አንዱ «ልዩ ልዩ» ነው። መደቡ ያልታወቀ ነገር ሁሉ እሱ ውስጥ ይጣላል፣ በአንድ ዓመት ከሁሉም ፎልደር የበለጠ የሚያብጠውም እሱ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ብዙ ሰው የሚወደው ነው፣ «አዲስ የገቡ» የሚል ፎልደር ነው። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል። ግን እስቲ አስቡት፦ ፋይሉ ወር ሲሞላው አዲስ መሆኑ ያበቃል፣ ወደ ትክክለኛ ቦታው መዛወር አለበት። ካዘዋወራችሁት፣ ሰዎች በየግሩፑ የተቀባበሉት ሊንክ ሁሉ ይሞታል። ካላዘዋወራችሁት ደግሞ «አዲስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ የሦስት ዓመት ፋይል ይቀመጣል። ሁለቱም ሰው እንዳያምናችሁ ያደርጋሉ።

ቅዳሜ ገበያን አስቡ። እህሉ የት፣ ቅመሙ የት፣ ሸማው የት እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄደው። ሻጩ በየሳምንቱ ቦታ ቢቀያይር ደንበኛው ሌላ ጋ ይገዛል። ሊንክም እንዲሁ ነው፣ ሰው የለመደው ቦታ ላይ ይቆይ።

3. የፋይሉ ስም

ስሙ ብቻውን ምን እንደሆነ ይናገር። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ የሶፍትዌሩ ስም፣ ቨርዥን፣ የሚሠራበት ሲስተም፣ 32 ወይም 64 ቢት። ለምሳሌ «ሊብሬኦፊስ-24.8.4-ዊንዶውስ-64»። «ሴትአፕ»፣ «ፋይናል»፣ «አዲሱ» የሚሉ ስሞች ምንም አይናገሩም። ሠሪው የሰጠው ስም ይህን ሁሉ ከያዘ ግን አትንኩት፣ ሰው ከዋናው ድረ ገጽ ጋር ሊያመሳክረው ይችላል።

እዚህ ላይ ምሳሌውን በፊደላችን ጻፍኩት እንጂ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው በላቲን ይሁን። ምክንያቱ ቴክኒካል ነው። ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ዘዴ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ሊንክ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ይተካል። ስለዚህ አንድ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። አሥር ፊደል ያለው ስም ዘጠና ምልክት ያለው ሊንክ ያወጣል፣ ያን ደግሞ ሰው በስልክ ሲልከው ማንም ሊያነበው አይችልም። አማርኛውን ለማብራሪያው አቆዩት።

ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ አታስገቡ፣ ሊንኩ ቻት ላይ ክፍት ቦታው ጋ ይቆረጣል። ሁሉንም በትንሹ የላቲን ፊደል ጻፉ፣ ሊኑክስ ሰርቨር ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይቶ ስለሚያይ። ቨርዥን ላይም አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በፊደል ተራ የሚደረድር ሰርቨር 3.10ን ከ3.9 በፊት ያስቀምጣል፣ ምክንያቱም 1 ከ9 ይቀድማል። ስለዚህ ከላይ ወይም ከታች ያለውን ፋይል አይቶ «የቅርቡ ይህ ነው» ማለት አይቻልም። የቅርቡን በግልጽ መናገር አለባችሁ፣ እንዴት እንደሆነ ቁጥር 6 ላይ እመለስበታለሁ።

4. ቀን፦ ብዙው ክምችት የሚበላሽበት ቦታ

አንድ ፋይል ሦስት ቀን አለው። ሠሪው ያወጣበት ቀን አለ። ፋይሉ ራሱ ላይ «የተሻሻለበት» ተብሎ የተጻፈ ቀን አለ። እናንተ ክምችቱ ውስጥ ያስገባችሁበት ቀን አለ። ተጠቃሚው «ምን አዲስ አለ?» ሲል የሚጠይቀው ሦስተኛውን ነው። ባለፈው ሳምንት ገብቶ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተጨመረ ማወቅ ይፈልጋል።

ሰርቨሩ ግን የሚያሳየው ሁለተኛውን ነው። አፓቼ የሚባለው የድረ ገጽ ሰርቨር የፎልደር ዝርዝር ሲያወጣ በቀን መደርደር ይችላል፣ ያ ቀን ግን የፋይሉ የመሻሻያ ቀን ነው። ደብልዩጌት የሚባለው ማውረጃ ፋይል ሲያወርድ የምንጩን ሰርቨር ቀን ይዞ ይመጣል። ፋይል መገልበጫው አርሲንክም ቀን ጠብቅ ከተባለ ይጠብቃል። ዊንዶውስ ላይ ፋይል ስትገለብጡ «የተፈጠረበት» ቀን ይለወጣል፣ «የተሻሻለበት» ግን የድሮው ሆኖ ይቀራል። ውጤቱ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥሩ ፕሮግራም ዛሬ ብታስገቡ፣ በቀን ሲደረደር ታች፣ ከ2019ዎቹ ጋር ይቀመጣል። ማንም አያየውም። ተቃራኒውም አለ፦ ሰርቨር ቀይራችሁ ሁሉንም ፋይል ቀን ሳትጠብቁ ብትገለብጡ፣ ክምችቱ በሙሉ በአንድ ሌሊት አዲስ ይሆናል።

መፍትሔው የፋይሉን ቀን አለማመን ነው። የገባበትን ቀን ራሳችሁ መዝግቡ። አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱ፣ በኤክሴልም በሊብሬኦፊስ ካልክም ይሆናል፣ ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ መስመር ስጡ። ፋይሉ ሲገባ መስመሩም አብሮ ይገባል። መስመር የሌለው ፋይል እንዳልገባ ይቆጠር። ይህ ሠንጠረዥ የክምችቱ ልብ ነው፣ ድረ ገጹም የቴሌግራም ማስታወቂያውም ከእሱ ይወጣል።

አሁን የእኛ አገር ጉዳይ ይመጣል፦ በየትኛው አቆጣጠር ይጻፍ? ሠንጠረዡ ውስጥ ለመደርደሪያ በእ.ኤ.አ. ጻፉ፣ ዓመት ከዚያ ወር ከዚያ ቀን፣ ወርና ቀኑ ሁልጊዜ ባለሁለት አኃዝ። 2025-01-19 ተብሎ ሲጻፍ ያለ ምንም ፕሮግራም በፊደል ተራ ብቻ በትክክል ይደረደራል። በዓ.ም. ለመደርደር ብትሞክሩ ጳጉሜን ላይ ትቆማላችሁ፣ 13ኛ ወር የሚባል ነገር ካልክም ኤክሴልም እንደ ቀን አይቀበሉትም። ሰው የሚያየው ገጽ ላይ ግን ሁለቱንም አሳዩ፦ «ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.» ከዚያ ጎን እ.ኤ.አ. ያለው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳትሉ «2017» ብቻ መጻፍ አይሆንም። አንባቢው የ8 ዓመት አሮጌ ፋይል መስሎት ትቶት ይሄዳል።

5. ለእያንዳንዱ ፋይል ማብራሪያ

አሚኔት የሚባል የአሚጋ ኮምፒውተር ሶፍትዌር ክምችት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረ። እያንዳንዱ ፋይል ተመሳሳይ ስም ያለው አጭር የጽሑፍ ፋይል አብሮት ይቀመጣል፣ በውስጡም የተወሰኑ መስመሮች አሉ፦ አጭር መግለጫ፣ ደራሲ፣ ዓይነት፣ ቨርዥን። አጭር መግለጫው ከ40 ምልክት እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ይህ ገደብ በጣም ጠቃሚ ነው። አንድ መስመር ላይ ካልገባ ስልክ ላይ አይነበብም።

የእኛ ማብራሪያ እነዚህን ይያዝ፦ ምን እንደሚሠራ በአንድ መስመር፣ ቨርዥኑ፣ ለየትኛው ሲስተም እንደሆነ፣ መጠኑ፣ የገባበት ቀን፣ የወረደበት ድረ ገጽ፣ ፈቃዱ፣ ከቀድሞው ምን እንደተለወጠ፣ እና የሻ-256 ቁጥሩ።

መጠኑን አትርሱ። ሰቨን ዚፕ 2 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፣ ሊብሬኦፊስ ግን ከ300 ሜጋባይት በላይ ነው፣ ኡቡንቱ ደግሞ ከ5 ጊጋባይት ያልፋል። በፓኬጅ የሚጠቀም ሰው ይህን ሳያውቅ «አውርድ» የሚለውን መንካት የለበትም። ትልቅ ፋይል ላይ ሌላም ነገር ጻፉለት፦ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ መጀመሪያ ወደ ኤክስፋት ፎርማት ማድረግ አለበት። ከደባርቅ ድረስ መጥቶ ፋይሉ ፍላሹ ላይ አልገለበጥ ብሎት የሚመለስ ሰው መኖር የለበትም።

«ምን ተለወጠ» የሚለው መስመር ላይ ጊዜ ስጡ። ሁሉም ሰው የሚዘለው እሱን ነው፣ ተጠቃሚው ግን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው እሱን ነው። ሊብሬኦፊስ ያለው ሰው ጥያቄው «አዲሱ ወጣ ወይ?» ብቻ አይደለም። «ለዚህ 350 ሜጋባይት ላውጣ ወይስ ይቆየኝ?» ነው። የደኅንነት ቀዳዳ የተደፈነ ከሆነ «ሁሉም ያሳድስ» በሉት። አዲሱ ነገር እዚህ ማንም የማይጠቀምበት ከሆነ «ያለው ይበቃል» በሉት። ይህን ለመጻፍ የሠሪውን የለውጥ ዝርዝር ማንበብ አለባችሁ፣ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ለስንት ሰው ግን ገንዘብ ያድናል።

ሻ-256 ማለት ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ 64 ምልክት ያለው ቁጥር ነው። ፋይሉ ላይ አንድ ባይት ቢለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። መብራት ሄዶ ማውረዱ መሀል ላይ የተቋረጠ ፋይል ወይም ከፍላሽ ፍላሽ ሲዞር የተበላሸ ፋይል በዚህ ይታወቃል። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል፣ ሊኑክስ ላይ ሻ256ሰም የሚባሉት ትዕዛዞች ያወጡታል። እንዴት እንደሚደረግ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከእያንዳንዱ ማብራሪያ ሊንክ አድርጉለት።

6. የአዲስ ዝርዝሩ

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። የክምችቱ የመጀመሪያ ገጽ ሲከፈት ከላይ የሚታየው ይህ ዝርዝር ይሁን። ስለ እኛ፣ ሎጎ፣ ፎቶ፣ ሰላምታ ሁሉም ከሱ በታች ይሁኑ ወይም አይኑሩ። ገጹ ተራ ጽሑፍ ይሁን፣ ኔትወርክ ሲደክምም እንዲከፈት።

እያንዳንዱ መስመር ላይ የገባበት ቀን፣ ስሙ፣ ቨርዥኑ፣ መጠኑና አጭር መግለጫው ይኑር። አንድ ተጨማሪ ቃል ያስፈልጋል፦ «አዲስ» ወይም «የታደሰ»። ክምችቱ ውስጥ ከዚህ በፊት ያልነበረ ፕሮግራም አዲስ ነው። የነበረው ፕሮግራም ሌላ ቨርዥን ከሆነ የታደሰ ነው። ሁለቱን የሚፈልጉ ሰዎች የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ምን ዓይነት ነገር እንዳለ ሊያይ የመጣ ነው፣ ሁለተኛው ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሊያሳድስ የመጣ ነው። ካልለያችሁላቸው ብዙ የሆነው የታደሰ ነገር ጥቂቱን አዲስ ይውጠዋል።

ዝርዝሩን በጊዜ ከፋፍሉት፦ ይህ ሳምንት፣ ይህ ወር፣ ይህ ዓመት። ሲፓን የሚባለው፣ ፐርል የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ክምችት፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያለ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ በቀን፣ በሳምንት፣ በወር፣ በዓመት የተከፋፈሉ የቅርብ ለውጥ ዝርዝሮች ያወጣል። የዝርዝሮቹ ዓላማ የክምችቱን ቅጂ የሚይዙ ሰርቨሮች አዲሱን ብቻ እንዲወስዱ ነው። ለሰውም ይሠራል። በየቀኑ የሚገባ ሰው ሳምንቱን ብቻ ያያል፣ ለክረምት አገሩ ገብቶ የከረመ ተማሪ ደግሞ ሲመለስ ሙሉውን ዓመት ከፍቶ ያመለጠውን ያገኛል።

ከስሙ ጎን ቀይ «አዲስ!» የሚል ምልክት መለጠፍ አይመከርም። መለጠፉ ቀላል ነው፣ የሚያነሳው ሰው ግን የለም። ቀኑ ካለ ምልክት አያስፈልግም።

እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፎልደር ውስጥ ደግሞ «የቅርብ» የሚል አንድ ቋሚ ሊንክ ይኑር። ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው ቨርዥን ይወስዳል፣ አዲስ ሲገባ የሚለወጠው የሊንኩ መዳረሻ ብቻ ነው። መምህር ለተማሪዎቹ የሚሰጠው ይህን ነው። የድሮዎቹ ቨርዥኖች ባሉበት ይቆዩ። ብዙ ቢሮ ውስጥ እስካሁን ዊንዶውስ 7 የሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች አሉ፣ ለእነሱ የሚሆነው የመጨረሻው ፋየርፎክስ የ115 የተራዘመ ድጋፍ ቨርዥን ነው። «አሮጌ ነው» ብላችሁ ብታጠፉት እነዚያ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ማጥፋት ግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ አደገኛ ቀዳዳ ከተገኘበት፣ ቦታው ላይ አጭር ጽሑፍ ተዉ፦ ለምን እንደተነሳና በምትኩ የቱን መውሰድ እንዳለበት።

7. ቴሌግራም ላይ

ብዙ ሰው የሚያየው ቻናሉን ስለሆነ ለብቻው ሥርዓት ይፈልጋል። አንድ ፋይል፣ አንድ ፖስት። ከቁጥር 5 ያለው ማብራሪያ ከሥሩ ይጻፍ። አዲስ ቨርዥን ሲመጣ የድሮውን ፖስት ከፍታችሁ ፋይሉን አትቀይሩት፣ ኤዲት የተደረገ ፖስት ለማንም ኖቲፊኬሽን አይልክም። አዲስ ፖስት አውጡ፣ የድሮው ላይ ወደ አዲሱ የሚወስድ ሊንክ ጨምሩ።

ሀሽታግ ከፎልደሩ ስም ጋር አንድ ይሁን። ቃላቱን የምታገናኙት በታችኛው ሰረዝ ነው፣ በመካከለኛው ሰረዝ ከሆነ ሀሽታጉ እዚያው ይቆረጣል። የሀሽታጎቹን ዝርዝር በአንድ ፖስት ጻፉና ፒን አድርጉት። በነፃው አካውንት አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ነው የሚፈቀደው፣ ስለዚህ ኡቡንቱን የመሰለውን ድረ ገጹ ላይ አድርጋችሁ ቻናሉ ላይ ሊንኩን ብቻ ስጡ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቀኑ የታወቀ ይሁን፣ የሳምንቱን ዝርዝር በአንድ ፖስት አውጡ። ሰው ያን ቀን ጠብቆ ይገባል።

8. ፍለጋና የፊደሎቻችን ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1990 ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አርኪ የሚባል መፈለጊያ ተሠርቶ ነበር፣ በየክምችቱ ያሉ ፋይሎችን የሚፈልግ። የሚፈልገው ግን የፋይል ስም ብቻ ነበር። ስሙ ጥሩ ካልሆነ አይገኝም። ብዙ ክምችት ዛሬም እዚያው ላይ ነው ያለው፣ ማብራሪያውን አይፈልግም።

በአማርኛ ሲሆን ሌላ ችግር ይጨመራል። አንዱ «ጽሑፍ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ፅሁፍ»። አንዱ «ሒሳብ»፣ ሌላው «ሂሳብ»። «ዊንዶውስ» እና «ዊንዶዉስ»። ለኮምፒውተር እነዚህ የማይገናኙ ቃላት ናቸው። ፕሮግራም መጻፍ የምትችሉ ከሆነ፣ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት የተፈለገውንም የተጻፈውንም ወደ አንድ ዓይነት ፊደል ቀይሩ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነቤተሰባቸው። የማትችሉ ከሆነ ሠንጠረዡ ላይ «መፈለጊያ ቃላት» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩና ሰዎች የሚጽፉባቸውን መንገዶች ሁሉ እዚያ አስገቡ። የላቲኑን ስም፣ በአማርኛ የሚጻፍባቸውን መንገዶች፣ ሰው በአፉ የሚጠራውንም ጭምር። ኪይማንን ብዙ ሰው በስሙ አያውቀውም፣ «አማርኛ መጻፊያ» ብሎ ነው የሚፈልገው።

9. ሰው ፈልጎ ሲያጣ

«አጣሁት» ያለ ሰው ሁሉ ይመዝገብ። ምን ብሎ እንደፈለገ ቃል በቃል ጻፉት። ፋይሉ ካለ ቃሉን መፈለጊያ ቃላት ውስጥ ጨምሩ፣ ከሌለ አምጡና አስገቡ። አልፎ አልፎ ደግሞ ክምችቱን አይቶት የማያውቅ አንድ ሰው ስልኩን ይዞ አጠገባችሁ ይቀመጥ፣ «ባለፈው ሳምንት የገባውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አግኝልኝ» በሉት። አትርዱት፣ በጣት አታሳዩት። የቆመበት ቦታ የምታስተካክሉት ቦታ ነው።

የሠንጠረዡን ቅጂ ሁለተኛ ሰው ይያዝ፣ የቻናሉን አስተዳዳሪነትም አብሮ ስጡት። እናንተ ስትታመሙ ወይም አገር ስትለቁ የሳምንቱን ዝርዝር የሚያወጣው እሱ ነው።